በአገልግሎት ማደግ ምንድን ነው?

«እገሌ አገልጋይ ነው» ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ማይክ ወደ ጨበጠው ሰው ነው። ወይ ሰባኪ ነው፣ ወይ ዘማሪ። ምንጣፍ የሚጠርገው፣ ወለል ላይ የቀለጠውን ጧፍ የሚፍቀው፣ ለነዳያን ሽሮ የሚያማስለው ግን «ያግዛል» ነው የሚባለው። በአገልግሎት ማደግ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ከዚህ ከሚያግዘው ሰው መጀመር ይሻላል።

ሐሳቡ ከባድ አይደለም። ክርስትና የሰው ጠባይ እንዲለወጥ ይፈልጋል። ቁጡው እንዲበርድ፣ የስስታሙ እጅ እንዲፈታ፣ ትዕቢተኛው ዝቅ እንዲል። ስብከት ይህን ያስተምራል፤ በጸሎት ደግሞ ኃይሉ ይለመናል። ልምምዱ ግን ሰው ይፈልጋል። ያውም የሚያስቸግር ሰው። ቅዱስ ጳውሎስ በገላትያ መልእክቱ ምዕራፍ 5 የመንፈስ ፍሬ ብሎ የዘረዘረውን ተመልከቱ፦ ፍቅር፣ ደስታ፣ ሰላም፣ ትዕግሥት፣ ቸርነት፣ በጎነት፣ እምነት፣ የውሃት፣ ራስን መግዛት። በሩን ዘግቶ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ከእነዚህ ስንቱን ይለማመዳል? ቸርነት ተቀባይ ይፈልጋል። ትዕግሥትም የሚያናድድ ሰው ከሌለ መኖሩ አይታወቅም። እዚያው ምዕራፍ ላይ ከፍ ብሎ፣ ቁጥር 13፣ «በፍቅር እርስ በርሳችሁ እንደ ባሪያዎች ሁኑ» የሚል ትእዛዝ አለ። ፍሬው የተዘረዘረው ከዚህ በኋላ ነው።

በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረው የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ፣ በስሙ የሚጠራ ቅዳሴ ያለው ማለት ነው፣ መነኮሳት ለምን ተሰብስበው እንደሚኖሩ ሲያስረዳ አንድ ጥያቄ አንሥቶ ነበር። ብቻህን ከኖርህ የማንን እግር ታጥባለህ? የሚል። ትሑት ነኝ ማለት ቀላል ነው። የምትዋረድለት ሰው ከሌለ ግን ምን ማስረጃ አለህ?

አንድ የምገባ ቀን ላሳያችሁ። ቦታው ከፒያሳ ብዙም የማይርቅ ደብር ነው። ከሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጀርባ በቆርቆሮ የተከለለች ማድ ቤት አለች። ሁለት ትልልቅ ድስቶች ተጥደዋል፣ ጭሱ ዓይን ያስነባል። ሥራውን የሚመሩት ሰባ ዓመት የተጠጋቸው እናት ናቸው። ሁሉም «እማማ» ነው የሚላቸው። የዚያን ቀን አንዲት አዲስ ልጅ መጥታለች። ባንክ ቅርንጫፍ ታስተዳድራለች፤ ሰው ማዘዝ ለምዳለች።

«እማማ፣ ሰልፉን በቁጥር ብናደርገው እኮ ግፊያ አይኖርም» አለች።

እማማ ከድስቱ ቀና አላሉም። «ጥሩ ነው የኔ ልጅ። እስቲ መጀመሪያ ያንን ሽንኩርት ላጪልኝ።»

ላጠች። ቀጥሎ ድስት እጠቢ ተባለች፤ በሽቦ ስትፈገፍግ ጥፍሯ ላይ የነበረው ቀለም ተላጠ። ሰልፉ ሲጀመር ጭልፋ ሰጧት። አንድ አባት «ምነው ቀጠነሳ!» ብለው ሳህኑን መለሱላት። ወዲያው ደግሞ አንዲት እናት መጥተው «አልደረሰኝም» አሏት። ልጅቷ አስታውሳቸዋለች፤ ቅድም ራሷ ናት የጨለፈችላቸው። ፊቷ ተለዋወጠ። ዞር ብላ እማማን አየቻቸው።

«ጨምሪላቸው» አሉ እማማ። «ለማታ ሊሆን ይችላል።»

ያ ቅጽበት ነው ነገሩ። ልጅቷ ስለ ትዕግሥት ብዙ ስብከት ሰምታለች፤ ምናልባት ጥቅሱንም በቃሏ ታውቀዋለች። ቢሮዋ ውስጥ ግን ማንም ሳህን አይመልስባትም። እዚህ ጭልፋው እጇ ላይ ነው፣ ከፊቷ ውሸት የመሰላት ነገር ቆሟል፣ ከኋላው ረጅም ሰልፍ አለ። ወይ ትቆጣለች ወይ ትጨምራለች። ጨመረች። ለነገሩ የቁጥሩ ሐሳቧ ትክክል ነበር፤ ውሎ አድሮ ሥራ ላይ ዋለ። እማማ ሐሳቧን ንቀው አይመስለኝም። መጀመሪያ ሽንኩርት እንደምትልጥ ማየት ፈልገው ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የዲያቆናት ሹመት ራሱ የጀመረው በምግብ ጠብ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አንብቡ። ኢየሩሳሌም ውስጥ ግሪክ የሚናገሩት ወገኖች በዕብራውያኑ ላይ አንጎራጎሩ። መበለቶቻችን በየዕለቱ እደላ ችላ ተባሉ ነው አቤቱታው። እኛ ሰፈር ዘይት ሲታደል የሚሰማው ዓይነት። ሐዋርያትም ሰባት ሰዎች ይመረጡ አሉ። መስፈርቱ ታዲያ ምን ነበር? በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው። ማዕድ ለማደል! መጀመሪያ ሳነበው ገርሞኝ ነበር። እደላ ላይ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ግን አይገርመውም። የተራበ፣ የተጠራጠረ፣ በቋንቋ የተከፋፈለ ሕዝብ ፊት ቆሞ አለማዳላት ቀልድ አይደለም። ከሰባቱ አንዱ እስጢፋኖስ ነው። መስቀል አደባባይ አጠገብ በስሙ ቤተ ክርስቲያን የታነጸለት እርሱ። ሲወግሩት «ይህን ኃጢአት አትቁጠርባቸው» ብሎ ጸለየ። ማዕድ ያደለው እጅና ይህን የጸለየው አፍ የአንድ ሰው መሆናቸውን ልብ በሉ።

የገዳማቱ ሥርዓትም በዚሁ መንገድ የሄደ ነው። መመንኮስ የሚፈልግ ሰው ገዳም እንደገባ ቆብ አይጭኑለትም። አመክሮ የሚባል የሙከራ ዘመን አለው። ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ይፈጫል፣ ለአረጋውያኑ ይላላካል። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በሐይቅ እስጢፋኖስ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘንድ በእርድና፣ ማለትም እንደ ረድእ እየታዘዙ፣ አገልግለዋል። አባቶች ሰውየው ምን ያህል እንዳነበበ ብቻ አይደለም የሚያዩት። ሲታዘዝ ፊቱ ምን ይመስላል? ሲነቀፍስ? ይህ ነው ጥያቄያቸው።

ቅዳሴውም ቢሆን ብቻህን ልቀድስ ብትል አይሆንም። ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። አንዱ ዲያቆን ከጎደለ ሌሎቹ ምንም ያህል ቢበረቱ ዋጋ የለውም። ንፍቀ ዲያቆኑ፣ ማለትም ረዳቱ ዲያቆን፣ ታክሲ አጥቶ ሲዘገይ መምህሩም ካህኑም ይጠብቁታል። ቁጥሩ ለዚህ ተብሎ ተወሰነ እያልኩ አይደለም። ግን አብሮህ የሚቆመውን ሰው የግድ እንድትፈልገው ያደርግሃል። ተጣልተህም አትቀድስም። ጌታ በማቴዎስ 5 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ብሏል።

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ያሉ ወዳጆቼም ያው ነገር ይገጥማቸዋል። ወንበር የሚደረድረው፣ በር ላይ ሰው የሚያስተናግደው፣ እናቶች ስብከት እንዲሰሙ ሕፃናት የሚይዘው። የሚጠቅሱት ጥቅስ አንዳንዴ ይለያያል፤ የሚያለቅሰው ሕፃን ግን ያው ሕፃን ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ማገልገል በራሱ ሰውን ይቀይራል? እኔ በፍጹም አይመስለኝም። እንዲያውም ያባሰበት ሰው አይተናል። ሃያ ዓመት አገልግሎ ቁልፍ የማያስነካ፣ አዲስ ሰው ሲመጣ የሚከፋው፣ ስሙ ካልተጠራ የሚያኮርፍ። አባቶች ለዚህ በሽታ ስም አላቸው፤ ውዳሴ ከንቱ። ሰው ለእግዚአብሔር የጀመረውን ሥራ ለጭብጨባ ሲጨርሰው ማለት ነው።

የከተራን ዕለት አስቡት። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ሲወርዱ ወጣቶች ከፊት ከፊት ምንጣፍ ያነጥፋሉ። ታቦቱ ያለፈበትን ከኋላ ይጠቀልሉታል፣ ተሸክመው እየሮጡ ወደ ፊት ያደርሱታል፣ እንደገና ይነጠፋል። ከፊት ያለው ታቦቱን ፊት ለፊት ያየዋል፤ ዝማሬው ለእርሱ ቅርብ ነው፣ ካሜራውም እዚያው ነው። ከኋላ የሚጠቀልለው ግን አብዛኛውን መንገድ አጎንብሶ ነው የሚያሳልፈው። የሚያየው የሰው እግርና አቧራ ነው። አንዳንድ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተባባሪዎች ታዲያ ልጆቹን መንገድ ላይ ያፈራርቋቸዋል። ጥሩ አሠራር ነው። ከፊት ብቻ የለመደ ሰው ወደ ኋላ ሂድ ሲባል የሚያጉረመርም ከሆነ፣ እርሱም አስተባባሪውም አንድ ነገር ያውቃሉ።

የስልኩ ነገር ደግሞ አለ። ምገባ ላይ ከሚጨልፈው የሚቀርፀው ሲበዛ ያበሳጫል። እርዳታ ለማሰባሰብ ሲባል ማሳየት የሚያስፈልግበት ጊዜ እንዳለ ይገባኛል። ግን ሳህን የያዘውን አባት ፊት ቀርፆ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ሌላ ነገር ነው። ሰውየው የመጣው ሊበላ እንጂ ሊታይ አይደለም። «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» የተባለው ስልክ በሌለበት ዘመን ነው፤ ዛሬ ግራ እጃችን ላይ ስልክ አለ።

ብዙ የማይነገርለት ሌላ ችግር አለ። እርሱም ቤት ነው። «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» ይባል የለ? ደብሩ ውስጥ «አቤት እናቴ፣ ምን ልታዘዝ» የሚል ልጅ ቤት ገብቶ እናቱ ውኃ አምጣልኝ ስትለው ካልሰማ፣ አንድ ቦታ ላይ ተሳስቷል። የንስሐ አባቶች አንዳንዴ «እስቲ ሚስትህ ስለ አንተ ምን ትላለች?» ብለው የሚጠይቁት ወደው አይደለም። አገልግሎት ከቤት መሸሻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ደብር ውስጥ ምስጋና አለ፣ ቤት ውስጥ ግን ሥራ ብቻ ነው ያለው። እንዲህ ያለ ሰው ለጊዜው ከማኅበሩ ቀነስ አድርግ ቢባል ቅጣት አይደለም።

የማርታም ነገር ከዚህ አይርቅም። በሉቃስ ምዕራፍ 10 ጌታ ማርታን የገሠጻት ወጥ ስለሠራች አይመስለኝም። በብዙ ነገር ስለታወከች፣ እኅቷንም ስለከሰሰች ነው። ድካሙ ወደ ክስ ሲዞር ማረፍ ያስፈልጋል። ቅዳሴ ሳያስቀድስ፣ ሳይጾም፣ ሳይጸልይ ሩጫ ብቻ የያዘ አገልጋይ ቶሎ ነው የሚነጫነጨው። በተቃራኒው ደግሞ «እኔ ገና ስላልበቃሁ» እያለ ዓመት ከዓመት የሚጠብቅ አለ። ትሕትና ይመስላል። ሳህን ለማጠብ ምን ያህል መብቃት ያስፈልጋል?

በጸሎተ ሐሙስ ሕጽበተ እግር ሲደረግ ካህናቱ በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናኑን እግር ያጥባሉ። ተራችሁ ሲደርስ ምን እንደሚሰማችሁ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ሰው ያፍራል። ቅዱስ ጴጥሮስም በዮሐንስ 13 ጌታ እግሩን ሊያጥበው ሲመጣ «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም» ብሎ ነበር። መታጠብም ከማጠብ እኩል ይከብዳል። ሁልጊዜ ሰጪ ለመሆን የሚፈልግ ሰው፣ ሲታመም ሾርባ ይዘው ሲመጡለት የሚቆጣ ሰው፣ ጥሩ ልብ ያለው ይመስላል። ግን ከሌላው በላይ መሆኑን ያልለቀቀ ሊሆን ይችላል።

መሀል አዲስ አበባ ላይ አሁን ያለው ሁኔታ ለዚህ ሁሉ የራሱ ጠባይ ሰጥቶታል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ሲፈርሱ ብዙ ነዋሪ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። አጥቢያው ቆሟል፣ ሰዉ ግን ተበትኗል። ድሮ በእግር አምስት ደቂቃ የነበረው ማድ ቤት ዛሬ ታክሲ እየቀያየሩ የሚመጡበት ሆኗል። እማማዎቹ ደግሞ በዚያ ዕድሜ እንዲህ መመላለስ ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ሰው የጎደለባቸው ሥራዎች አሉ። ቢሮው እዚያ አካባቢ የሆነ፣ ምሳ ሰዓቱን የሚሰጥ፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ያለው ሰው ክፍተቱን ሊሸፍን ይችላል።

ልጀምር የሚል ካለ ወደ ሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ይሂድ። «እኔ ይህን እችላለሁ» ብሎ ባይጀምር ይመረጣል። ሙያው ጊዜውን ጠብቆ ይፈለጋል፤ ሒሳብ የሚያውቅም ኤሌክትሪክ የሚሠራም ሥራ አያጣም። መጀመሪያ ግን «ሰው ያጣችሁበት ሥራ የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ የመዘምራን ልብስ ማጠብ ሊሆን ይችላል። የንግሥ ማግስት ከሆነ ደግሞ መጸዳጃ ቤቱ ነው። ጓንት ይዞ ቢሄድ ጥሩ ነው።