ቸንግደ፦ የማንቹ ነገሥታት የበጋ መናገሻ

ቸንግደ በሰሜን ቻይና፣ ከቤይጂንግ በስተሰሜን ምሥራቅ በተራሮች መካከል ያለች ከተማ ናት። የቀድሞ ስሟ ረኸ ሲሆን «ሙቅ ወንዝ» ማለት ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቺንግ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት በየዓመቱ ለወራት እዚህ እየከረሙ አገር ያስተዳድሩ ነበር (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቤተ መንግሥቱ «ከሙቀት መሸሻ የተራራ ማረፊያ» ስለሚባል የእረፍት ቦታ ብቻ ይመስላል። በእርግጥ ነፋሻ ነው፤ ነገር ግን የግዛቱ ከባድ ከባድ ጉዳዮች የሚያልቁት እዚሁ ነበር።

የቺንግን ሥርወ መንግሥት የመሠረቱት ማንቹዎች በቁጥር ጥቂት ነበሩ። በ1644 ቤይጂንግን ይዘው በብዙ እጥፍ የሚበልጣቸውን የቻይና ሕዝብ መግዛት ጀመሩ፤ ቆይተውም ሞንጎሊያን፣ ቲቤትንና ዛሬ ሺንጂያንግ የሚባለውን አገር ጨመሩ። ቻይናውያኑን በፈተና በተመረጡ ሹማምንት ያስተዳድሩ ነበር። የሞንጎል መስፍን ግን ንጉሥ የሚለው ፈረስ ጋልቦ አብሮት የሚያድነውን፣ በድንኳን ተቀብሎ ግብር የሚያበላውን ሰው ነው። የቲቤት መነኩሴ ደግሞ የሃይማኖቱን ጠባቂ ይፈልጋል። ቸንግደ ንጉሡ ለእያንዳንዱ በሚገባው መልክ የሚታይበት ስፍራ ሆነ። የሞንጎሎችንና የቲቤትን ጉዳይ የሚከታተለው ሊፋን ዩዋን የተባለው መሥሪያ ቤትም ቢሆን በአብዛኛው በማንቹዎችና በሞንጎሎች የተያዘ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በአደን ነው። ንጉሥ ካንግሺ በ1681 ከቸንግደ በስተሰሜን ሙላን የተባለውን የአደን ክልል አቋቋመ። ስሙ የመጣው አጋዘን ለመጥራት ከሚነፋው ፉጨት ነው፤ አዳኙ ጎሕ ሳይቀድ የአጋዘን ራስ ደፍቶ ጫካ ውስጥ ይደበቅና የወንዱን ድምፅ እያስመሰለ ይነፋል። ከዚያ በሺህ የሚቆጠሩ ፈረሰኞች አውሬውን ከበው ክበቡን እያጠበቡ ይመጣሉ። ይህ ለሠራዊቱ ልምምድ፣ ለሞንጎል መሳፍንት ደግሞ ደጅ ጥናት ነበር። ካንግሺ ወደ አደኑ በሚወስደው መንገድ ላይ ቤተ መንግሥቱን በ1703 አስጀመረ፤ ሥራው የተጠናቀቀው በልጅ ልጁ በቺየንሎንግ ዘመን በ1792 ነው።

የቦታው ምርጫ ከበሽታም ጋር የተያያዘ ነው። ፈንጣጣ በቤይጂንግ የተለመደ ሲሆን በሣር ምድሩ የሚኖሩ ሞንጎሎችን ግን ክፉኛ ይጨርስ ነበር። የካንግሺ አባት በፈንጣጣ እንደሞተ ይነገራል፤ ካንግሺ ራሱ በሽታው በልጅነቱ ወጥቶለት መዳኑ ለዙፋን ካሳጩት ምክንያቶች አንዱ ነው ይባላል። በሽታው ያልያዛቸው መሳፍንት «ጥሬ ገላ»፣ የወጣላቸው «የበሰለ ገላ» ይባሉ ነበር። የበሰሉት በተራቸው ቤይጂንግ ይገባሉ፤ ጥሬዎቹ ግን ወደ ቸንግደና ወደ አደኑ ይመጣሉ። እጅ መንሻ የሚያመጣ ሰው ሕይወቱን እንዳያጣ ንጉሡ ራሱ ወደ እሱ የሚወጣበት ሥርዓት ነው፤ ለእኔ ከቸንግደ ታሪክ ሁሉ ብልህነቱ ጎልቶ የሚታየኝ ይህ ነው።

ግቢው 564 ሄክታር ሲሆን 10 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ግንብ ታጥሯል። ዋናው በር ላይ የበሩ ስም በአምስት ቋንቋ ተጽፏል፦ በማንቹ፣ በቻይንኛ፣ በሞንጎልኛ፣ በቲቤትኛና በኡይጉርኛ። ማንም እንግዳ ቀና ሲል የራሱን ፊደል ያገኛል። ወርቅና ቀይ ቀለም ከሚያንጸባርቅበት የቤይጂንግ ቤተ መንግሥት በተቃራኒ አዳራሾቹ በግራጫ ጡብ የተሠሩ ናቸው፤ የዋናው አዳራሽ እንጨት ቀለም ያልነካው፣ ሽታው ደስ የሚል ናንሙ ነው። ከአዳራሾቹ ወዲያ የደቡብ ቻይናን የሚያስመስሉ ሐይቆች፣ ድንኳን የሚተከልበት ሣር ሜዳና ተራሮች ይከተላሉ። የእንግሊዙ መልእክተኛ ማካርትኒ በ1793 ቺየንሎንግ ፊት የቀረበው በዚህ ሜዳ ላይ በተተከለ ትልቅ ድንኳን ውስጥ ነው።

ከግንቡ ውጭ ቤተ መቅደሶች ተሰልፈዋል። ከሁሉ የሚልቀው በቲቤት ላሳ ከተማ ያለውን የፖታላ ቤተ መንግሥት ተከትሎ የተሠራውና በ1771 የተጠናቀቀው ነው። በዚያው ዓመት ቶርጉት የተባሉ ሞንጎሎች ከሩሲያዋ ቮልጋ ዳር ተነሥተው፣ በመንገድ እጅግ ብዙ ሰው አልቆባቸው ወደ ቺንግ ግዛት ገቡ። መሪያቸው ኡባሺ ወደ ቸንግደ መጥቶ ከቺየንሎንግ ጋር ተገናኘ፤ ታሪኩም በቤተ መቅደሱ ውስጥ በድንጋይ ላይ ተቀረጸ። በ1780 ደግሞ ከቲቤት ታላላቅ የሃይማኖት መሪዎች አንዱ የሆነው ፓንቼን ላማ ለንጉሡ 70ኛ ልደት ሲመጣ የራሱን ገዳም የሚመስል ቤተ መቅደስ ተሠርቶ ቆየው። ቺየንሎንግ ለእንግዳው ሲል ቲቤትኛ ተማረ። ላማው ከቸንግደ ወደ ቤይጂንግ ወረደ፤ እዚያም በዚያው ዓመት ፈንጣጣ ገደለው።

ይህ ሁሉ መስተንግዶ ሌላ ፊት እንዳለው መዘንጋት አይገባም። በ1755 የተጀመረው ፑኒንግ ቤተ መቅደስ የተሠራው በዙንጋር ሞንጎሎች ላይ ለተገኘው ድል ነው። ዙንጋሮች ወዲያው ሲያምፁ የቺንግ ጦር ያለ ርኅራኄ ፈጃቸው፤ በጦርነቱ፣ በረሃቡና በፈንጣጣው ሕዝቡ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። የፑኒንግ ስም ትርጉም «የሁሉም ሰላም» ነው።

ንጉሥ ጂያቺንግ በ1820 ቸንግደ ላይ ሞተ፤ ከእሱ በኋላ የመጣው ዳዎጓንግ አደኑን ተወው። በ1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ቤይጂንግ ሲደርስ ንጉሥ ሺየንፌንግ ሸሽቶ ወደ ቸንግደ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ዋና ከተማውን ዳግመኛ ሳያይ፣ በአያቶቹ የመኝታ አዳራሽ ውስጥ አረፈ።