የዩኒቨርሲቲ ተማሪና ማመቻቸት፦ ካልጠየቁት የማይመጣ መብት

የሦስት ሰዓት ፈተና ነው። አንዷ ተማሪ ወረቀቷን በዓይኗ እያነበበች ትሠራለች። አጠገቧ ያለው ያንኑ ጥያቄ በጣቱ በብሬል ይዳስሳል። ሠንጠረዥ ሲመጣበት ቁጥሩ የየትኛው ዓምድ እንደሆነ ለማወቅ ጣቱን ወደ ላይ መልሶ ርዕሱን ይፈልጋል፤ ከዚያ እንደገና ወደ ታች። ሁለቱም ትምህርቱን እኩል ያውቁታል። ሰዓቱ ግን ለሁለቱ እኩል አይደለም። ለእሱ አንድ ሰዓት ተኩል ቢጨመርለት የሚያገኘው ብልጫ የለም። ጥያቄው ያው ነው፣ እርማቱም ያው ነው። በከፍተኛ ትምህርት «ማመቻቸት» የሚባለው በአጭሩ ይሄ ነው። ትምህርቱ አይቀልም፤ ከትምህርቱ ጋር የማይገናኘው እንቅፋት ይነሳል እንጂ።

እ.ኤ.አ. በ2006 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ጉዳዩን በግልጽ አስፍሮታል። አንቀጽ 24 አካል ጉዳተኞች ያለ አድልዎ ከፍተኛ ትምህርት እንዲያገኙና ለዚህም ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግላቸው ይላል። አንቀጽ 2 ደግሞ ይህን ማመቻቸት መከልከል ራሱ አድልዎ እንደሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ ተማሪው ቢሮ የሚገባው ውለታ ሊለምን አይደለም።

መብቱ ግን በደግነት የመጣ አይደለም። ኤድ ሮበርትስ የተባለ አሜሪካዊ በ14 ዓመቱ በያዘው ፖሊዮ ሰውነቱ ሽባ ሆኖ ነበር፤ ለመተንፈስም «የብረት ሳንባ» የሚባል ትልቅ ማሽን ውስጥ መተኛት ነበረበት። በ1962 በርክሌይ ወደሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ያንን ማሽን የሚችል ዶርም አልተገኘም። መኖሪያው ግቢው ውስጥ ያለው ሆስፒታል ሆነ። እሱን ተከትለው ሌሎችም ገቡ፤ በ1970 ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተማሪዎቹ ራሳቸው የገፉለት የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የድጋፍ ፕሮግራም ተቋቋመ። በ1973 ደግሞ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም አካል ጉዳተኛን እንዳያገል የሚከለክል ሕግ ወጣ። ሕጉ ወጣ እንጂ ማስፈጸሚያ ደንቡ አራት ዓመት ሳይፈረም ቀረ። በ1977 አካል ጉዳተኞች ሳን ፍራንሲስኮ ያለውን የፌዴራል ሕንፃ ይዘው አንለቅም አሉ። አንድ ወር ሊሞላቸው ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ደንቡ ተፈረመ። ብሪታንያ በ2010 የእኩልነት ሕጓ አንድ እርምጃ ገፋ አድርጋዋለች፤ ዩኒቨርሲቲው ተማሪው መጥቶ እስኪጠይቅ ሳይጠብቅ ሊያጋጥም የሚችለውን እንቅፋት አስቀድሞ እንዲያስብበት ታዛለች።

በተግባር ግን ጠያቂው ያው ተማሪው ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ጋ ነው። በታችኛው ክፍል ወላጅ ይጮኻል፣ የክፍል ኃላፊ ያስታውሳል፣ ትምህርት ቤቱም ልጁን ያውቀዋል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ይህ ሁሉ ይቀራል። የቀድሞው ፋይል አብሮ አይከተልም። ማንም ኮሪደር ላይ አስቁሞ «ምን ላግዝህ?» አይልም። ተማሪው የአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ቢሮውን ወይም የተማሪዎች ዲን ቢሮን ፈልጎ፣ ራሱን አስመዝግቦ፣ የሚያስፈልገውን በአፉ መናገር አለበት።

ቢሮው በአብዛኛው የሐኪም ወይም የባለሙያ ማስረጃ ይጠይቃል። ብዙ ጥያቄ የሚበላሸው በዚህ ወረቀት ነው። «ተማሪዋ ማይግሬን አለባት፤ አስፈላጊው ትብብር ይደረግላት» የሚል ደብዳቤ ማህተሙ ቢያምርም ለቢሮው የሚነግረው ነገር የለም። አሁን ይሄንን እንየው፦ «ሕመሙ ሲነሳባት ብርሃን መቋቋም አትችልም። ስክሪን ማየት አትችልም። በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ይነሳባታል፤ ሲነሳም ከግማሽ ቀን በላይ ያስተኛታል።» ከዚህ በኋላ መፍትሔው ራሱን ይጽፋል፦ ጉልህ ብርሃን የሌለበት የፈተና ክፍል፣ በሕመሙ ቀን የዋለ ፈተና በሌላ ቀን፣ ለቤት ሥራ ትንሽ የጊዜ ማራዘሚያ። የበሽታው ስም ብቻውን በር አይከፍትም። ሐኪሙ ጋ ሲኬድ «ክፍል ውስጥ ምን እንደሚያደርገኝ ይጻፉልኝ» ማለት ይሻላል።

ማመቻቸት ሲባል ብዙ ሰው ዊልቸርና ነጭ በትር ብቻ ይታየዋል። ዲስሌክሲያ (ማንበብና መጻፍን የሚያከብድ ችግር)፣ ድባቴ፣ የትኩረት ማነስ፣ ስኳር፣ የሚጥል በሽታም እንደሚያስከትሉት ጫና እዚሁ ውስጥ ይገባሉ። ጉዳታቸው የማይታይ ተማሪዎች ግን ሌላ ሸክም አለባቸው። «ደህና ትመስላለህ እኮ!» የሚለውን ሲሰሙ ይውላሉ።

የመማሪያ ጽሑፍ ጉዳይ ለብቻው ቢነሳ አይበዛበትም። መምህሩ የመጽሐፉን ምዕራፍ ስካን አድርጎ በፒዲኤፍ ይልካል። ለሚያይ ተማሪ ግልጽ ጽሑፍ ነው። ዓይነ ስውሩ ተማሪ ፋይሉን በስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም፣ ሲከፍተው ግን ኮምፒውተሩ «ምስል» ይልና ዝም። ቀጣዩን ገጽ ይነካል፤ «ምስል»። አርባ ገጽ ምስል። ፋይሉ ፎቶ እንጂ ጽሑፍ አይደለማ! ጽሑፉን ከምስሉ የሚለቅም ሶፍትዌር አለ፤ ቀመርና ሠንጠረዥ ላይ ግን ይስታል፤ ሰው ቁጭ ብሎ ማረም አለበት። መጽሐፍን እንዲህ መቀየር የቅጂ መብትንም ይነካል፤ ይህን ችግር ለማቃለል በ2013 የማራካሽ ስምምነት ተፈርሟል። በእሱ መሠረት የተፈቀደላቸው ተቋማት የታተመ መጽሐፍን ባለመብቱን ሳያስፈቅዱ ማንበብ ለሚቸገሩ ሰዎች በሚመች መልክ ማዘጋጀት ይችላሉ።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል። መጽሐፍ ወደ ብሬል መቀየር ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚም በአንድ ጀንበር አይገኝም። ስለዚህ ጥያቄው ሴሚስተሩ ሳይጀመር ቢቀርብ ይመረጣል። ደግሞም ማመቻቸት ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ አይሠራም። ባለፈው ወር የወደቁበትን ፈተና ዛሬ የተሰጠ ደብዳቤ አያነሳውም። «መጀመሪያ ልሞክረውና ካቃተኝ እጠይቃለሁ» የሚለው ኩራት ይገባኛል። ግን ያስከፍላል። ተመዝግቦ አለመጠቀም ይቻላል፤ ሳይመዘገቡ መጠቀም ግን አይቻልም።

ጥያቄው ከጸደቀ ለመምህራን የሚደርሰው ደብዳቤ በተለመደው አሠራር የሚደረገውን እንጂ ሕመሙን አይጠቅስም። መምህሩ «ምንድን ነው ያመመህ?» ቢል ተማሪው ወደ ቢሮው መምራት ይችላል።

ሁሉም ጥያቄ ግን አይጸድቅም። የትምህርቱን ዋና ነገር የሚያጠፋ ለውጥ ተቀባይነት የለውም። በታሪክ ፈተና የፊደል ስህተት ቢታለፍ የታሪክ እውቀቱን አይነካም፤ በቋንቋ ትምህርት ግን የሚፈተነው ራሱ እሱ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ውድቅ ሲሆን ምክንያቱን በጽሑፍ መጠየቅ፣ ሌላ አማራጭ ማቅረብ፣ ካልሆነም ይግባኝ ማለት ይገባል። በቃል የተባለ ነገር ነገ «እኔ አላልኩም» ይሆናል።

ከጸደቀ በኋላም አለቀ ማለት አይደለም። ተጨማሪ ሰዓት ያገኘው ያ የብሬል አንባቢ ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ ፈተና አለበት እንበል። የመጀመሪያው ለሌሎቹ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ለእሱ አራት ሰዓት ተኩል። ጓደኞቹ ምሳ በልተው ለሁለተኛው ሲገቡ እሱ ገና የመጀመሪያውን ጥያቄዎች እየዳሰሰ ነው። ሁለተኛውን ፈተና ወደ ማግስቱ ማዞር ቀላል ነው፤ የፈተናው ፕሮግራም ገና ሳይለጠፍ ለቢሮው የነገረ ካለ።