የድሮ መኪና መለዋወጫ በኢንተርኔት ጨረታ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለቮልስ የሚሆን ፍሬቻ ወይም ለሰይቼንቶ (ለፊያት 600) የሚሆን ኩሽኔታ ፍለጋ ሶማሌ ተራ የወረደ ሰው ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ውሎ ባዶ እጁን መመለሱ የተለመደ ሆኗል። ድሮ መኪኖቹ በከተማው ሲርመሰመሱ ዕቃቸውም በየሱቁ ነበር፤ ዛሬ ነጋዴው የሚሸጥለትን የቶዮታ ዕቃ ይደረድራል፣ ይህም የሚያስወቅሰው አይደለም። ስለዚህ ከፒያሳ እስከ ለገሀር ድረስ የድሮ መኪና የያዝን ሰዎች እንደ ኢቤይ ባሉ የጨረታ ድረ ገጾች መግዛት፣ አልፎ አልፎም መሸጥ ጀምረናል። ችግሩ ሁለት የአገር ቤት ልማዶችን ይዘን መግባታችን ነው፤ አንደኛው የሶማሌ ተራ ድርድር ሲሆን፣ ሁለተኛው ዋጋው በታሸገ ኤንቨሎፕ የሚቀርብበት የመሥሪያ ቤት ጨረታ ነው። የኢንተርኔቱ ጨረታ ሁለቱንም አይመስልም። ከዚህ በታች የማነሣቸው አመለካከቶች በየጋራዡ የምሰማቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹን እኔም ለዓመታት አምኜባቸው ነበር።

«የማስገባው ከፍተኛ ዋጋ የምከፍለው ዋጋ ነው።»

በታሸገ ኤንቨሎፕ ያሸነፈ ሰው የጻፈውን ይከፍላል፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው የሚጽፈውን ይፈራል። ኢቤይ ላይ ግን ተጫራቹ የሚጽፈው ጣሪያውን ነው፤ ጣሪያው ለሌሎቹ ተጫራቾችም ሆነ ለሻጩ አይታይም። ሥርዓቱ ራሱ በተጫራቹ ምትክ ሆኖ ተፎካካሪውን ለመብለጥ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይጨምራል። ለምሳሌ አንድ የሶሌክስ ካርቡራተር ላይ እኔ 90 ዶላር ብጽፍና ከእኔ ቀጥሎ ያለው ሰው ጣሪያ 70 ዶላር ቢሆን፣ ከ25 እስከ 100 ዶላር ባለው እርከን ጭማሪው 1 ዶላር ስለሆነ የምከፍለው 71 ዶላር ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ወይ በልቡ ካለው አሳንሶ ይጽፍና ሊከፍለው ይችል በነበረ ዋጋ ሌላ ሰው ሲወስድበት ይቆጫል፣ ወይም በየሰዓቱ እየተመለሰ አምስት አምስት ዶላር ሲጨምር እልህ ይይዘውና ዕቃው ከሚያወጣው በላይ ይሄዳል። አንድ ጊዜ አስቦ እውነተኛውን ጣሪያ መጻፍና መተው ከሁለቱም ይሻላል። እንደ መሥሪያ ቤቱ ጨረታ ሲፒኦ (የባንክ ማስያዣ) አለመጠየቁም ማንንም አያዘናጋ፤ ያሸነፈ ሰው የመግዛት ግዴታ ገብቷል።

«ቀድሞ የገባ ተጫራች ይሻለዋል።»

መቅደም የሚጠቅመው ሁለት ሰዎች እኩል ጣሪያ ሲጽፉ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ቀድሞ የጻፈው ያሸንፋል። ከዚያ ውጭ ገና በመጀመሪያው ቀን መግባት ዕቃው ፈላጊ እንዳለው ለሌሎች መንገር ነው፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች የመጨረሻዎቹን ሰከንዶች የሚጠብቁት ለዚህ ነው። እዚህ ላይ የሰዓት ነገር ብዙዎቻችንን ይጎዳናል። በካሊፎርኒያ እሑድ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ፣ ማለትም በእነርሱ አቆጣጠር 7 ሰዓት ላይ የሚዘጋ ጨረታ፣ በእነርሱ በጋ አዲስ አበባ ላይ ሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። በክረምታቸው ሰዓታቸውን አንድ ወደ ኋላ ስለሚመልሱ ያው ጨረታ እኛ ዘንድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይዘጋል። እኛ ሰዓታችንን ስለማንቀይር በኅዳር የሰኔውን ስሌት ይዞ የሚጠብቅ ሰው አንድ ሰዓት ቀድሞ ይነሣል፤ በመጋቢት መጨረሻ ላይ ግን የታኅሣሡን ስሌት ይዞ የሚነሣ ሰው ጨረታው ተዘግቶ ያገኘዋል።

«ዓመቱ ከገጠመ ዕቃው ይገጥማል።»

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያስበላው ይህ ነው፣ ምክንያቱም እኛ አገር «ዓመት» ሁለት ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱበትን ቮልስ የማያስታውስ የአዲስ አበባ ሽማግሌ የለም። ያ 1967 በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር 1974 ነው። በጨረታው ገጽ ላይ «የ1967 ቮልስ» የሚለው መኪና ግን እኛ 1959 ዓ.ም. ስንል የተሠራው ነው፤ በሁለቱ መካከል ብዙ ነገር ተለውጧል። የ1967 ሞዴል ቮልስ ቸርኬ በአብዛኛው ባለ 5 ብሎን ሲሆን ብሎኖቹ የሚያርፉበት ክብ 205 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ1974 ሞዴሉ ባለ 4 ብሎን ሆኖ ክቡ 130 ሚሊ ሜትር ነው። ኤሌክትሪኩም እንዲሁ ነው፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ቮልሶች ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት የተሻገሩት በ1967 ሞዴል ነው። የ6 ቮልት ሞተሪኖ ገዝቶ ባለ 12 ቮልት መኪና ላይ ለመግጠም የሚታገል ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን መኪናውንም ይጎዳል።

በዚህ ላይ የፋብሪካው የሞዴል ዓመት በጥር አይጀምርም ነበር። የ1967 ሞዴል የሚባሉት ከነሐሴ 1966 እስከ ሐምሌ 1967 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሠሩት ናቸው። ስለዚህ ሊብሬው ላይ የተጻፈው ዓመት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳያረጋግጡ መጫረት አይገባም። ማረጋገጫው ሩቅ አይደለም፤ የቮልስን የኋላ ወንበር አንሥቶ መሐል ለመሐል በሚያልፈው የሻንሲ ዋሻ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ማንበብ ነው። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ያሳያል፤ በ117 የሚጀምር የ1967፣ በ114 የሚጀምርና 10 አኃዝ ያለው የ1974 ነው።

ከዓመት ይልቅ የሚታመነው የዕቃው የራሱ ቁጥር ነው። የቮልስዋገን መለዋወጫ ቁጥር መጀመሪያው ላይ ዘጠኝ አኃዞች አሉት፤ በ1 የሚጀምረው ለቮልስ፣ በ2 የሚጀምረው ለኮምቢ የተሠራ ነው። አራተኛው አኃዝ ክፍሉን ይናገራል፦ 1 ሞተር፣ 6 ጎማና ፍሬን፣ 8 ቦዲ፣ 9 ኤሌክትሪክ ነው። ግራና ቀኝ ባላቸው ዕቃዎች ላይ የዘጠነኛው አኃዝ ጎዶሎ መሆን ግራን፣ ሙሉ መሆን ደግሞ ቀኝን ያመለክታል። መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል ዕቃው ምን ያህል ጊዜ እንደተሻሻለ ይጠቁማል። ይህን ያወቀ ሰው ሻጩ በጽሑፉ ቢሳሳት እንኳ ከፎቶው ያነብባል።

«ላዳ ፊያት ስለሆነ የፊያት 124 ዕቃ ሁሉ ይሆነዋል።»

የላዳ 2101 መነሻ ፊያት 124 መሆኑ እውነት ነው፤ ሩሲያውያኑ ግን ለመንገዳቸው ሲሉ ብዙ ለውጠውታል። ሞተሩ ሌላ ነው፤ የላዳው ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ቴስታታው ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው 124 ካምሻፍት ታች ሞተሩ ውስጥ ነበር። የኋላ ፍሬኑም በዲስክ ፋንታ ከበሮ ሆኗል። በአንጻሩ የሰይቼንቶ፣ የፊያት 600 ባለቤት ፍለጋውን ማስፋት ይጠቅመዋል፤ ስፔን ውስጥ ሴያት 600 እስከ 1973፣ ዩጎዝላቪያ ውስጥ ዛስታቫ 750 እስከ 1985 ሲሠሩ ስለቆዩ ብዙ የሚጋሩት ዕቃ አለ። ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ኩሽኔታ፣ ፓራፋንጎ የሚሉት የጋራዣችን ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ በመሆናቸው በላቲን ፊደል በትክክል ተጽፈው ጣሊያናዊ ሻጭ ዘንድ ይሠራሉ። እንግሊዝኛውን ብቻ የሚያውቅ ፈላጊ የማያገኘውን መካኒኮቻችን ያገኙታል፣ ይህ ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

«ብራዚል ወይም ሜክሲኮ የተሠራ ቮልስ ዕቃ ኮፒ ነው።»

አይደለም። የመጨረሻው ቮልስ ከመስመር የወጣው በሐምሌ 2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሜክሲኮዋ ፑዌብላ ከተማ ነው። ጀርመን መደበኛውን ቮልስ ማምረት ያቆመችው በ1978 ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የፋብሪካው ዕቃ ከእነዚሁ አገሮች መምጣቱ ግድ ነበር። መጠየቅ ያለበት የተሠራበት አገር ሳይሆን የፋብሪካው ምልክት በብረቱ ላይ መኖሩና አለመኖሩ ነው።

«ካርቶኑ ያልተከፈተ የድሮ ዕቃ ሁልጊዜ ከአዲስ ይበልጣል።»

ለብረት፣ ለመስታወትና ለብዙዎቹ የቦሽ ኤሌክትሪክ ዕቃዎች ይህ በአብዛኛው እውነት ነው፤ የድሮው ፓራውልት ላሜራ ውፍረትና የኒኬሉ ጥራት ዛሬ አይገኝም። ጎማ ነክ በሆነ ዕቃ ላይ ግን አደገኛ ስሕተት ነው። ጎማ ባይሠራበትም ከአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅንና ኦዞን የተነሣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። አርባ ዓመት መደርደሪያ ላይ የኖረ የፍሬን ቱቦ ወይም የፍሬን ጎሚኒ ካርቶኑ ምንም ቢያምር ከእንጦጦ ቁልቁለት ሲወርዱ ሊታመን አይችልም። እነዚህን አዲስ የተሠሩትን መግዛት ነው፤ «ኦርጅናል» ለማለት ሲባል ሕይወት አይያዝም።

«ዕቃው ስሕተት ከሆነ ገንዘቤ ይመለሳል።»

የገዢ ዋስትና አለ፣ ግን ጊዜና ቦታ አለው። ኢቤይ ላይ አቤቱታ የሚቀርበው በመደበኛው ዕቃው ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ ዕቃው መጀመሪያ ከደረሰበት አድራሻ ወደ ሌላ ከተላከ ደግሞ ዋስትናው ይቀራል። የእኛ አገዛዝ እንዴት እንደሆነ ይታወቃል፦ ሳጥኑ አሜሪካ ያለ ዘመድ ቤት ይደርሳል፣ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሻንጣ ይጠብቃል። እኔ የግራ በር መስታወት ማንሻ ገዝቼ ሳጥኑ የአክስቴ ልጅ ቤት ሦስት ወር ተቀመጠ። ለፋሲካ የመጣ ሰው አምጥቶልኝ ተክለ ሃይማኖት ጋራዥ ስንከፍተው የቀኝ በር ማንሻ ሆኖ ተገኘ። ሻጩ «ግራ» ብሎ ጽፎ ነበር፤ በፎቶው ላይ ያለው ቁጥር ግን በሙሉ አኃዝ ያበቃ ነበር። የምከስበት ቀን ከሁለት ወር በፊት አልፏል። ከዚያ ወዲህ ዘመዴን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳጥኑ በደረሰበት ቀን ከፍቶ የዕቃውን ቁጥር ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልኝ።

«ቀላል ዕቃ ስለሆነ መላኪያው አያስወጣም፤ ለግሌ ስለሆነም ቀረጥ የለውም።»

ፈጣን መልእክት አድራሾች የሚያስከፍሉት ከክብደትና ከስፋት የሚበልጠውን ነው፤ በብዙዎቹ ዘንድ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ5,000 ይካፈላል። 100 በ60 በ40 የሆነ ካርቶን ውስጥ የገባ ፓራፋንጎ ሚዛን ላይ ምንም ያህል ቢቀል የ48 ኪሎ ይከፈልበታል። ቤንዚን የነካው ካርቡራተር ወይም የነዳጅ ፓምፕ ደግሞ ቅሪት ካለበት በአውሮፕላን እንዳይጫን ሊመለስ ይችላል፤ ሻጩ አጥቦና አድርቆ እንዲልክ አስቀድሞ መጻፍ ነው። ጉምሩክ ዘንድ ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ተጨምሮ ነው፤ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስም ከቀረጡ በኋላ ባለው ድምር ላይ ይመጣል። ሻጩን «ስጦታ ብለህ ዋጋውን አሳንሰህ ጻፍ» ማለት ሐሰት ነው፤ ዕቃው ቢጠፋ የሚጠየቀውም ካሣ በዚያው በተጻፈው ዋጋ ልክ ይሆናል።

«አሮጌ ዕቃ ካለኝ ሀብታም ነኝ።»

ለመሸጥ የሚያስቡ ሰዎች ዋጋ የሚያወጡት ሌላ ሻጭ የጠየቀውን አይተው ነው። መታየት ያለበት ግን በእርግጥ የተሸጡ ዕቃዎች ዝርዝር ነው፤ በፍለጋው ማጣሪያ ውስጥ ይገኛል፣ ብዙ ጊዜም ሻጩ ተስፋ ካደረገው ዝቅ ይላል። ብዙ ፈላጊ ላለው ዕቃ ዝቅተኛ መነሻ ዋጋ ተጫራች ይሰበስባል፤ አንድ ሰው ብቻ ሊፈልገው ለሚችል ብርቅ ዕቃ ግን መነሻው ሻጩ የማይቆጭበት ዋጋ መሆን አለበት፣ ብቻውን የገባ ተጫራች በዚያው መነሻ ዋጋ ይወስደዋልና። ዕቃውን ፍቆ ቀለም መቀባትም አይጠቅምም፤ ገዢው የሚፈልገው ማኅተሙን፣ ቁጥሩንና የፋብሪካውን ቀለም ነው። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ቁጥሩን በቅርብ፣ ስንጥቁን ከሁሉም በላይ በቅርብ ፎቶ ማንሣት ይበቃል። የሚሄድ ወይም ሊጠገን የሚችል ቮልስ ፈታትተው በቁርጥራጭ ለመሸጥ የሚያስቡ ሰዎችን ግን እባካችሁ እላለሁ፤ ካምቢዮው፣ በሩና ኮፈኑ ተለያይተው ከተሸጡ በኋላ ያ መኪና ወደ ቸርችል ጎዳና አይመለስም፣ መላኪያው ከተቀነሰ በኋላ የሚተርፈውም ብዙ ጊዜ ሙሉ መኪናው እዚሁ ከሚያወጣው ያንሳል።