ሲዝን ፓስ ምንድን ነው? በረዶው ተራራ ላይ ያ ሁሉ ሰልፍስ ከየት መጣ?

ሲዝን ፓስ ማለት ባጭሩ በረዶው ገና ሳይወርድ አንዴ ትከፍልና ወቅቱን ሙሉ ባሻህ ቀን እየሄድክ ስኪ (እግርህ ላይ ረጃጅም ጣውላ አስረህ በረዶ ላይ መንሸራተት) ምትጫወትበት ካርድ ነው። እዚ ላይ ካቆምን ግን ዋናው ነገር ያመልጠናል፣ ምክንያቱም ካርዱ የተፈጠረው ለደንበኛው ታዝኖለት አይደለም፣ "ዘንድሮ በረዶ ባይጥልስ?" ሚለውን የባለ ሪዞርቱን ጭንቀት ወደ ገዢው ኪስ ለማዞር ነው፣ ሰልፉም ከዛው ነው ሚጀምረው።

ጣና ዳር ቁጭ ብለን ስለ በረዶ ምን አገባን ምትሉ አትጠፉም። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ያለችው ዴንቨርና ዙሪያዋ ሀበሻ ሞልቶበታል፣ ከዚ ከባህር ዳር የሄደም አለ፣ እና ጥር ላይ ቅዳሜ እሁድ ስትደውሉላቸው አይ ሰቨንቲ ሚሉት መንገድ ላይ ቆመው ነው ሚያነሱት። ከዴንቨር ቬይል ሚባለው ስኪ ተራራ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከኛ ጎንደር ከመሄድ ትንሽ ያንሳል፣ ግን ቅዳሜ ጠዋት ከተማው በሙሉ ወደ ተራራ ሲወጣና እሁድ ከሰአት ሲመለስ መንገዱ እንደዛ አይነት ርቀት መሆኑ ይቀራል። ደሞ ስኪና ኢትዮጵያ ጭራሽ አይተዋወቁም እንዳትሉ፣ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 (ዛሬ ምጠራው አመትም የአሜሪካው ወርም ሁሉ በፈረንጅ ነው) ቶሪኖ፣ በ2010 ደሞ ቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ ላይ ለሀገራችን በስኪ ተወዳድሯል (የሱ ግን አገር አቋራጩ ነው፣ በራስህ ጉልበት ነው ምትሄደው፣ ዛሬ ምናወራለት ሊፍት እዛ የለም)።

ትኬቱ የሊፍት ትኬት ነው፣ ይሄን መያዝ ያስፈልጋል። አሜሪካ ምዕራብ ውስጥ ተራራው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ የመንግስት ደን ነው፣ ካምፓኒው በፈቃድ ነው ሚሰራበት፣ አንተ ምትከፍለው ወደ ላይ ሚያወጣህ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ነው። በወፍራም የብረት ገመድ ላይ የተንጠለጠሉ ወንበሮች ሳያቋርጡ ይዞራሉ፣ ታች ስትደርስ ቂጥህን አስቀምጠህ ትወጣለህ፣ ላይ ስትደርስ ተነስተህ ትንሸራተታለህ። የመጀመሪያው እንዲ አይነት ወንበር በ1936 አይዳሆ ውስጥ ሰን ቫሊ ሚባል ቦታ ነው የተተከለው፣ ሀሳቡን ያመጣው የባቡር ካምፓኒ ኢንጂነር ደሞ መርከብ ላይ ሙዝ ሚጫንበትን ማሽን አይቶ ነው ይባላል፣ ሙዙን አውርዶ ሰው ሰቀለበት በቃ።

አሁን ፈጣኑና ባለ አራት ወንበሩ በሰአት እስከ 2,400 ሰው ያወጣል። ብዙ ይመስላል አይደል? ታች 1,200 ሰው ከቆመ ግን የመጨረሻው ሰው ግማሽ ሰአት ይጠብቃል ማለት ነው፣ ወጥቶ ደሞ አስር ደቂቃ ተንሸራቶ እንደገና እዛው ሰልፍ ጭራ ላይ ይመለሳል። ጃኬት ኪስህ ውስጥ ያለውን ካርድ ማሽኑ ከሩቅ ያነበዋል፣ በሩ ይከፈታል፣ አራት አራት እየሆናችሁ ትሰለፋላችሁ፣ ብቻህን የመጣህ ከሆነ ለብቻ ሰዎች የተለየች ቀጭን ሰልፍ አለች፣ ሶስት ሆነው የመጡት ላይ ይደርቡሃል፣ እሷ ሁሌ ቶሎ ትሄዳለች (ፍቅረኛውን ይዞ የሄደ ግን አይጠቀምባትም መቼም)።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ይሄ ሊፍት ወንበሩ ሞላም ባዶ ሄደም ወጪው ያው ነው። ሰራተኛው ይከፈለዋል፣ መብራቱ ይቆጥራል፣ በረዶ አስተካካዩ ማሽን ሌሊቱን ሲዞር ያድራል። ስለዚ ድሮ ባለ ሪዞርቱ በቀን ትኬት ብቻ ሲሰራ እድሉ ሰማይ ላይ ነበር፣ በረዶ ከጣለ ሰው ይመጣል፣ ካልጣለ ወይ ዝናብ ከሆነ ባዶ ወንበር ሲያዞር ይውላል። ሲዝን ፓስ ያኔም ነበር፣ ግን ውድ ነበር፣ እዛው ተራራ ስር ሚኖሩት ብቻ ነበሩ ሚገዙት።

ነገሩ የተገለበጠው በ1998 ነው። አይዳሆ ውስጥ ቦገስ ቤዚን ሚባል ትልቅም ያልሆነ ስኪ ቦታ 500 ዶላር የነበረውን ፓስ ወደ 199 አወረደው፣ ገዢው ከጥቂት ሺህ ተነስቶ ከ20 ሺህ በላይ ገባ። እዛው ሰሞን ኮሎራዶ ውስጥ ዊንተር ፓርክ አራት ሰው ተሰብስቦ ከገዛ ለያንዳንዱ 200 ዶላር ሚደርስ ፓስ አወጣ፣ ጎረቤቶቹም እያዩ ዝም አላሉም፣ ዋጋ መቀናነስ ተጀመረ። ከዛ በ2008 የቬይል ተራራ ባለቤት የሆነው ካምፓኒ፣ ቬይል ሪዞርትስ፣ ኢፒክ ፓስ ሚባለውን ይዞ መጣ፣ ቬይል ተራራ ላይ ከ1,800 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው ፓስ በ579 ዶላር ያውም ሌሎች ተራሮቹን ጨምሮ። በ2018 አልቴራ ሚባለው ተፎካካሪ አይኮን ፓስ አወጣ፣ አሁን የአሜሪካ ስኪ ተጫዋች ሲገናኝ መጀመሪያ ሚጠያየቀው "ኢፒክ ነህ አይኮን?" ነው።

ሽያጩ ሚጀመረው በረዶው ሲቀልጥ መጋቢት አካባቢ ነው፣ ለሚቀጥለው አመት። ቀን በገፋ ቁጥር ዋጋው ደረጃ በደረጃ ይጨምራል፣ ታህሳስ መጀመሪያ ላይ ይዘጋል፣ ካምፓኒው ወቅቱ ገና ሳይሞቅ ብሩን ሰብስቦ ጨርሷል። ቬይል ደሞ እዛ ላይ አላቆመም፣ በ2015 አውስትራሊያ ውስጥ ፔሪሸርን፣ በ2016 ካናዳ ውስጥ ዊስለርን ገዛ፣ አሁን ከ40 በላይ ቦታ አለው፣ ኮሎራዶ ላይ በረዶ ቢጠፋ ካናዳ ይጥላል፣ እዛም ቢጠፋ የአውስትራሊያ ክረምት በሌላ ወር ነው። በረዶ ባይጥል ያንተ ኪሳራ፣ ቢጥል የጋራ ደስታ።

ለ2025-26 ወቅት ሙሉው ኢፒክ ፓስ መጀመሪያ የወጣው በ1,051 ዶላር ነው፣ ከዛ በፊት በነበረው ወቅት ደሞ ቬይል መስኮት ላይ የአንድ ቀን ትኬት በውድ ቀን 329 ዶላር ደርሶ ነበር። አካፍሉት፣ አራተኛው ቀን ላይ ፓሱ አትርፏል። እኔ እንደሚመስለኝ ያ 329 ሰው እንዲከፍለው ብቻ የተጻፈ ዋጋ አይደለም፣ ሰው አይቶት ደንግጦ ፓሱን እንዲገዛ የተሰቀለ ዋጋ ነው። ከሁሉም ሚጎዳው ደሞ "እስኪ አንዴ ልሞክረው" ሚለው ሰው ነው፣ ለምሳሌ አምና ከዚ የሄደው ልጅ፣ ጫማውንም ስኪውንም ተከራይቶ ቀኑን ሙሉ ሲወድቅ ለሚውልበት ያንን ሁሉ ዶላር። በርግጥ ቀደም ብሎ ለገዛ ከአንድ እስከ ሰባት ቀን ሚሆን ርካሽ አይነትም አለ፣ ግን እሱንም ቢሆን በረዶው ሳይመጣ ነው ምትገዛው።

ሰልፉስ? አንዴ ከከፈልክ በኋላ እያንዳንዱ ቀን ለአይንህ ነጻ ነው። ድሮ 100 ዶላር አውጥቶ ጠዋት ከሁለት ሰአት እስከ ማታ ሚፈጋው ሰውዬ አሁን ለሁለት ሰአትም ቢሆን ብቅ ይላል፣ እሱ ጥሩ ነው፣ ግን ሌሊት አዲስ በረዶ ከጣለ ፓስ ያለው ሁሉ ያችኑ ጠዋት ነው ሚነሳው፣ ለገና ሰሞን፣ ለማርቲን ሉተር ኪንግ በአልና ለየካቲቱ የፕሬዝዳንቶች ቀን ረጅም እረፍትም እንደዛው። ዋጋው ሰው መከልከል ሲያቆም ስራውን ሰልፍ ይረከባል፣ ይሄን ደሞ ለባህር ዳር ባጃጅ ሹፌር ማስረዳት አያስፈልግም፣ ማደያ ላይ ቤንዚን በተመን ዋጋ ለመቅዳት ስንት ሰአት እንደሚቆም እሱ ይንገራችሁ። ተራራው ደሞ አይጨምርም፣ አሜሪካ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ አዲስ ትልቅ ስኪ ቦታ ሰራች ለማለት ይቸግራል፣ ትናንሾቹም ብዙ ተዘግተዋል፣ በ2022-23 ግን የሀገሪቱ ስኪ ቦታዎች 65.4 ሚሊዮን የሰው ቀን (አንድ ሰው አንድ ቀን ሲመጣ አንድ ተብሎ ይቆጠራል) አስተናግደዋል፣ ሪከርድ ነው።

የጦፈው በ2021 ነው። ቬይል ፓሱን በ20 ፐርሰንት ቀነሰ፣ 979 የነበረው 783 ሆነ፣ በኮቪዱ ወቅት የነበረውን ቦታ አስቀድሞ የማስያዝ ግዴታም አነሳው፣ ወደ 2.1 ሚሊዮን ፓስ ተሸጠ። ሰራተኛ ግን አልተገኘም። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ስቲቨንስ ፓስ ሚባለው የቬይል ተራራ ላይ (እዚ "ፓስ" የቦታው ስም ነው እንጂ ካርዱ አይደለም) በረዶው እያለ ሰራተኛ ስላነሰ ብዙው ክፍል ተዘግቶ ቆየ፣ ሰው ሁላ የተከፈቱት ጥቂት ሊፍቶች ላይ ተከመረ፣ ብራችንን መልሱ ሚል ፊርማ ሲሰበሰብ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ፈረመ። ካምፓኒው በሚቀጥለው ወቅት የሰራተኛውን መነሻ ክፍያ በሰአት 20 ዶላር አደረገ፣ የቀን ትኬት ብዛትም ገደበ። ልብ በሉ፣ የገደበው የቀን ትኬቱን ነው፣ ፓሱን አይደለም፣ እንዴት አድርጎ ይገድበው፣ እሱ እኮ የተሸጠ ቃል ነው!

ከ2024 ታህሳስ መጨረሻ እስከ 2025 ጥር መጀመሪያ ደሞ ዩታ ባለው ፓርክ ሲቲ ሚባል ሌላ የቬይል ተራራ ላይ የበረዶ ጥበቃ ሰራተኞቹ፣ ማለትም የተጎዳ ሚያነሱትና ናዳ ሚከላከሉት፣ በሰአት 21 ዶላር የነበረው መነሻ 23 ይሁንልን ብለው አድማ መቱ። ያለነሱ ተራራ አይከፈትም። ያውም ፈረንጁ ሁሉ በእረፍት ላይ ባለበት በገናው ሰሞን፣ የሰው ብዛት ያው ሆኖ የተከፈተው ቦታ ጥቂት ስለነበር የሰልፉ ፎቶ አለምን ዞረ። በመጨረሻ 23ቱን አገኙ። እኔ ከዚ ምረዳው ሰልፍን "ፓስ ርካሽ ስለሆነ ነው" ብሎ መዝጋት ግማሽ እውነት እንደሆነ ነው፣ ሌላው ግማሽ ቃል የተሸጠለትን ሰው ሚያስተናግድ ሰራተኛ ላይ የቆጠቡት ነው። ፓስ ያለው ሰው ደሞ ቢናደድም ዛሬ ትቶ ሊሄድ አይችልም፣ ብሩ ገብቷል።

መላ ይሞከራል፣ ረከስ ያሉት ፓሶች በበአል ቀን አይሰሩም፣ አንዳንድ ተራራ ላይ አይኮን ያለው ቀኑን አስቀድሞ መያዝ አለበት፣ ፓርኪንግ በክፍያ ያደረጉም አሉ። ዲር ቫሊ ሚባለው ዩታ ያለው ደሞ በቀን ሚገባውን ሰው ይገድባል፣ ሰልፉም አጭር ነው፣ ውድነቱን ግን አትጠይቁ።

ለጣናስ ይሰራል ወይ? አንድ ጀልባ ሚያስጎበኝ ልጅ የዘጌ ፓስ ብናወጣስ ብሎኝ ነበር። አይመስለኝም። ሊፍቱ ያላንተም ይዞራል፣ ጀልባ ግን ዘጌ ደርሶ ለመመለስ ቤንዚኑን ያቺው ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ቀንሶ ነው ሚነሳው፣ ባለ ፓሱ አስረኛ ጊዜ ሲመጣ ባለ ጀልባው ከኪሱ ሊያወጣ ነው። ሁለተኛ፣ ፓስ ሚያዋጣው ተመላላሽ ሲኖር ነው፣ ቱሪስት ደሞ ኡራ ኪዳነምህረትን አንዴ አይቶ ፎቶውን አንስቶ ነው ሚሄደው፣ አመቱን ሙሉ ሚመላለሰው ምእመኑ ነው፣ እሱ ደሞ ለመሳለም እንጂ ለመጎብኘት አይሄድም። ጢስ አባይ ይሻላል፣ እሱ ላይ ስጋቱ ይመሳሰላል፣ መስከረም ላይ ያየው ሰውና ሚያዝያ ላይ ያየው ሰው አንድ ፏፏቴ አላዩም፣ ውሃውን ደሞ ሀይል ማመንጫዎቹም ይጋሩታል፣ ግን እዛም ቢሆን ተመላላሽ ከየት ይምጣ።

እና እዛ ያላችሁ ወይ ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ ስኪ ላይ ከአራት ቀን በታች ምትወጡ ከሆነ ሙሉውን ፓስ ተዉት፣ ቀን ተቆጥሮ ሚሸጠውን በረዶው ሳይመጣ ግዙ፣ ሰኞ እስከ ሀሙስ ሂዱ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የትኛው ቀን እንደማይሰራና ብር በምን ሁኔታ እንደሚመለስ አንብቡ። ደሞ የአጎቴን ልጅ ካርድ ተውሼ ልግባ እንዳትሉ፣ በሩ ላይ ሲነበብ የባለቤቱ ፎቶ ሰራተኛው ጋር ይወጣል፣ ከተያዘ ካርዱ ይታገዳል፣ የአጎታችሁም ልጅ ያኮርፋችኋል።