ስክሪን ሪደር ምንድን ነው? ለዐይነ ስውርስ የሚበቃው ኮምፒውተር የትኛው ነው?

«ዐይነ ስውር ስክሪን ስለማያይ ማንኛውም አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃዋል» የሚል አስተያየት ሰሞኑንም አነበብኩ። ጸሐፊው ክፉ አላሰበም፤ ስክሪን ሪደርን ግን ጽሑፍ የሚያነብ ራዲዮ አድርጎታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ስክሪን ሪደር ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን በድምፅ የሚነግረን ፕሮግራም ነው፤ ስክሪኑን ግን አያይም። ዊንዶውስን «እዚህ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «አዝራር ነው፣ ስሙ ላክ» የሚል መልስ ሲያገኝ ለጆሮ ያደርሳል። የመጋዘን ሠራተኛ በሉት። ደንበኛው ደጅ ቆሞ ይጠይቃል፣ ሠራተኛው ጆንያው ላይ የተጻፈውን አንብቦ ይነግረዋል። ጆንያው ስም ከሌለው «ጆንያ፣ ጆንያ፣ ጆንያ» ከማለት በቀር ምን ያድርግ? ፕሮግራም ሠሪው አዝራሮቹን ስም ሲነፍጋቸው እኛም የምንሰማው «አዝራር፣ አዝራር፣ አዝራር» ነው። ይህን ውድ ኮምፒውተርም አያድነውም።

ሠራተኛው እግሩን የሚጎትት ከሆነስ? ኮምፒውተር ሲዘገይ የሚያይ ሰው የምትሽከረከረውን ክብ አይቶ ይታገሣል። ለእኛ ያለው ዝምታ ብቻ ነው። አንዲት ሠልጣኝ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የታች ቀስቱን ተጫነች፤ ዝም። ደግማ ተጫነች፤ ዝም። ሦስተኛ ስትጫን ማሽኑ ሦስቱንም ባንድ ጊዜ ፈጸመው፤ ድምፁ ሲመጣ የፈለገችውን መስመር በሁለት አልፋለች። ጥፋቱ የእርሷ መስሏት ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ስለዚህ ግራፊክስ ካርዱ፣ የስክሪኑ ጥራትና ስፋት፣ ማውሱም ይቅር። ፍጥነቱ ግን አይቀነስም፦ ኤስኤስዲ (ፈጣን የፋይል ማከማቻ) ያለው፣ በእኔ ግምት ራሙ (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማኅደር) ከ8 ጊጋባይት የማያንስ። ኪቦርዱን ከመግዛታችሁ በፊት በጣታችሁ ዳስሱት፤ ብዙ የስክሪን ሪደር ትእዛዞች ኢንሰርት ቁልፍን ይፈልጋሉ፣ በትንንሽ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ይህ ቁልፍ ከሌላ ጋር ተደርቦ ይገኛል። በኢንሰርት ፈንታ ካፕስ ሎክን መጠቀም ይቻላል። ለሶፍትዌሩ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ራሱ ዐይነ ስውር የሆነው አውስትራሊያዊ ማይክል ከራን በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረው ኤንቪዲኤ የተባለ ስክሪን ሪደር በነጻ ይገኛል፣ ከፍላሽም ይሠራል።

ስክሪኑን ጨርሳችሁ አትጣሉት። ዊንዶውስ ሳይነሣ ማሽኑ ሲበላሽ መጋዘኑ ውስጥ የሚመልስ የለም፤ ያኔ የሚያይ ሰው ስሕተቱን ያነብላችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ ለአማርኛ ጸሐፊዎች፦ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ደረጃ) በ1999 እ.ኤ.አ. ከገባ ዓመታት ቢያልፉም፣ በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ዛሬም ይላክልናል። ለዐይን «ሰላም» የሚመስለው ቃል ውስጡ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ ሠራተኛው የሚያነብልን ያንኑ ነው። ስካን ተደርጎ የመጣ ደብዳቤ ደግሞ ፎቶ ስለሆነ ጭራሽ ጽሑፍ የለውም። እባካችሁ በዩኒኮድ ጽፋችሁ፣ ፋይሉን እንዳለ ላኩልን።