ፖሊስ የግል ሽጉጡን እንዴት ይገዛል? ስለ አሜሪካ ፖሊሶች የምንሳሳታቸው ነገሮች

አሜሪካ ውስጥ ሐበሻ ተሰብስቦ የሽጉጥ ወሬ ከተነሳ «እኔ ፖሊስ ዘመድ አለኝ፣ በሱ በኩል በርካሽ ይገኛል» የሚል ሰው አይጠፋም። ሌላው ይቀበለውና «ፖሊስን ማን ይጠይቀዋል፣ ከመኪናው አውጥቶ ይሸጥልሃል» ይላል። ወሬ ሆኖ ሲቀር ምንም አይደለም። ሰው አምኖት ገንዘብ ሲልክ ግን ፌዴራል ፍርድ ቤት ድረስ የሚያስኬድ ጣጣ ይመጣል።

የማወራው ፖሊሱ በራሱ ገንዘብ ስለሚገዛው የግል ሽጉጥ ነው። መሥሪያ ቤቱ ስለሚያስታጥቀው አይደለም። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ሁለቱን ከማደባለቅ ነው።

«ባጁን ካሳየ ቅጽ አይሞላም፣ አይጣራም»

ይሞላል፣ ይጣራልም። ለግሉ የሚገዛ ፖሊስ እንደ ማንኛውም ሰው ፈቃድ ያለው የመሣሪያ ሱቅ ይገባል። ቅጽ 4473 የሚባለውን የፌዴራል ቅጽ ይሞላል። ሻጩም ባክግራውንድ ቼክ (የኋላ መዝገብ ማጣራት) ያደርግበታል። ይህ ማጣሪያ፣ ኒክስ የሚሉት፣ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1998 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ወሬው ግን ከምንም አልተነሳም። ፖሊሱ በመሥሪያ ቤቱ አርማ ባለው ወረቀት የተጻፈ፣ ኃላፊው የፈረመበት ደብዳቤ ይዞ ከመጣ ቅጹም ቼኩም ሊቀርለት ይችላል። ደብዳቤው ሽጉጡ ለሥራ እንደሚውል መግለጽ አለበት፤ ፖሊሱ በቤት ውስጥ ጥቃት ተፈርዶበት እንደማያውቅ መዝገቡ ታይቶ መረጋገጡንም እንዲሁ። ዋናው ነገር ያ «ለሥራ» የሚለው ነው። ቤት ለማስቀመጥ፣ ለእረፍት ቀን ወይም ለልምምድ ብቻ የሚገዛ ሰው ይህን ደብዳቤ ሊጠቀምበት አይገባም። ያለ ደብዳቤ ደግሞ ባጁ ሱቁ ውስጥ ከመንጃ ፈቃድ ያለፈ ጉልበት የለውም።

«ዘመዴ በቅናሽ ይግዛልኝና ገንዘቡን እሰጠዋለሁ»

ከሁሉም በላይ ሰውን ጉድ የምትሠራው ይቺ ናት።

በ2009 ቨርጂኒያ ውስጥ ብሩስ አብራምስኪ የሚባል የቀድሞ ፖሊስ ልክ ይህንኑ አደረገ። ፔንሲልቬኒያ የሚኖር አጎቱ ሽጉጥ ፈለገ። አብራምስኪ ከፖሊስነት ከተሰናበተ ሁለት ዓመት ቢሆነውም የድሮ መታወቂያው እጁ ላይ ነበር። በሱ አሳይቶ የፖሊስ ቅናሽ ሊያገኝ አሰበ። አጎቱ አስቀድሞ የ400 ዶላር ቼክ ላከለት፤ ቼኩ ላይ ገንዘቡ ለግሎክ 19 ሽጉጥ እንደሆነ ሳይቀር ጽፎበታል። (አቃቤ ሕግ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?)

ቅጽ 4473 ላይ የሽጉጡ እውነተኛ ገዢ አንተ ነህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። አብራምስኪ አዎ ብሎ ሞላ። ከዚያ ሽጉጡን ፔንሲልቬኒያ ወስዶ እዚያ ባለ ባለፈቃድ ሻጭ በኩል ለአጎቱ አስተላለፈ። አጎቱ በስሙ ተጣርቶ አለፈ። ሽጉጡ መሣሪያ መያዝ በሕግ የተከለከለ ሰው እጅ አልገባም። አብራምስኪም ሁለታችንም በሕግ መግዛት የምንችል ሰዎች ከሆንን የኔ «አዎ» ማንን ጎዳ ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከረ።

ተሸነፈ። በሰኔ 2014 ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ወሰነበት። ሕጉ ማጣራት የሚፈልገው ገንዘቡን ያወጣውንና ሽጉጡን የሚይዘውን ሰው ነው፤ ሱቅ ድረስ ተልኮ የሚፈርመውን አይደለም። የመጨረሻው ተቀባይ ንጹሕ ሰው መሆኑ ውሸቱን አያስተካክለውም አሉ ዳኞቹ። አብራምስኪ እስር ቤት አልገባም፣ የአምስት ዓመት ገደብ ነው የተሰጠው። ወንጀለኛ የሚል መዝገብ ግን አብሮት ይኖራል። ለአንድ ቅናሽ!

ስጦታ ሌላ ነገር ነው። ፖሊሱ በራሱ ገንዘብ ገዝቶ፣ ምንም ሳይቀበል ለወንድሙ ቢሰጥ እውነተኛው ገዢ እሱ ራሱ ነው። ወንድሙ ሌላ ስቴት የሚኖር ከሆነ ግን ስጦታውም ቢሆን ተቀባዩ በሚኖርበት ስቴት ባለ ባለፈቃድ ሻጭ በኩል ማለፍ አለበት። «ስጦታ ነው» ተብሎ ማታ በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያው) ገንዘብ ከገባ ደግሞ ስጦታ አይደለም፣ ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

በቅጹ ላይ አውቆ መዋሸት እስከ 10 ዓመት ሊያስቀጣ ይችላል። በ2022 የወጣው ሕግ ደግሞ መያዝ ለተከለከለ ወይም ወንጀል ሊሠራበት ላሰበ ሰው እያወቁ መግዛትን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎ እስከ 15 ዓመት አድርሶታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሐበሻ የማያውቀው ነገር አለ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ በራሱ ስም ሽጉጥ መግዛት ይችላል። የሚኖርበት ስቴት የሚጠይቀውን ማሟላት ነው እንጂ ዜግነት እስኪመጣ ፖሊስ ዘመድ መፈለግ አይጠበቅበትም። በተማሪ ወይም በጉብኝት ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር መያዝም አይፈቀድለትም። እያወቀ የሚሰጠው ፖሊስም አብሮ ይከሰሳል።

«ለፖሊስ ከቀረጥ ነፃ ነው፣ ሽጉጡም የተለየ ነው»

ቅናሹ እውነት ነው። የሽጉጥ አምራቹ ግሎክ «ብሉ ሌብል» (ሰማያዊ ወረቀት) የሚለው ፕሮግራም አለው። ፖሊስ ብቻ ሳይሆን እሳት አደጋና አምቡላንስ ሠራተኛም፣ ወታደርም ይጠቀምበታል፤ በዓመት የሚገዙት ቁጥርም የተወሰነ ነው። ሽጉጡ ግን ያው ሽጉጥ ነው፤ ሰማያዊው ካርቶኑ ላይ ያለው ወረቀት ነው። ቀረጥን በተመለከተ፣ ፌዴራል መንግሥት በአምራቹ ላይ የሚጥለው የሽጉጥ ኤክሳይዝ ታክስ 10 በመቶ ነው። ነፃ የሚሆነው የከተማው ወይም የስቴቱ መሥሪያ ቤት ለራሱ ሲገዛ ነው። ፖሊሱ በግሉ ሲገዛ ይህ ነፃነት አብሮት አይመጣም።

«እንደ መኪና ስም ይዞራል»

ሊብሬ ወስዶ ስም ማዞር የለመደ ሰው ሽጉጥም እንደዚያ ይመስለዋል። በአብዛኛው ስቴት ግን ሽጉጥ የባለቤትነት ደብተር የለውም። ፌዴራል መንግሥት የሽጉጥ ባለቤቶችን አገር አቀፍ መዝገብ እንዳያቋቁም ከ1986 ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል።

ታዲያ ሽጉጥ ወንጀል ቦታ ሲገኝ ባለቤቱ እንዴት ይታወቃል? ዌስት ቨርጂኒያ ማርቲንስበርግ ውስጥ የኤቲኤፍ (መሣሪያን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) የመሣሪያ መከታተያ ማዕከል አለ። የሽጉጡን ቁጥር ይዘው አምራቹን ይጠይቃሉ። አምራቹ አከፋፋዩን፣ አከፋፋዩ ሱቁን ይጠቁማል። ሱቁ ያስቀመጠውን ቅጽ 4473 አውጥቶ የመጀመሪያውን ገዢ ስም ይሰጣል። ክሩ እዚያ ላይ ይበጠሳል። ከዚያ በኋላ በእጅ ለእጅ ከተሸጠ ወረቀት የለም።

ስለዚህ የግል ሽጉጡን ያለ ወረቀት የሸጠ ፖሊስ ከዓመታት በኋላ መርማሪዎች በሩን ቢያንኳኩ ሊገርመው አይገባም። ስሙ ነዋ ያለው! ለዚህ ነው ጠንቃቃ የሆኑ ፖሊሶች ስቴታቸው ባያስገድዳቸው እንኳ ሽያጩን ሱቅ ወስደው የሚጨርሱት። ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ነው፤ በምትኩ ሽጉጡ ከስማቸው መውጣቱን የሚያሳይ መዝገብ ይቀራል።

«ሁለት ፖሊሶች እርስ በርስ ቢገበያዩ ማን ያገባዋል?»

እንደየስቴቱ ነው። በፌዴራል ሕግ ባለፈቃድ ነጋዴ ያልሆኑ የአንድ ስቴት ነዋሪዎች በግል ሊሸጣሸጡ ይችላሉ፤ ሻጩ ገዢው የተከለከለ ሰው መሆኑን ማወቅ ወይም መጠርጠሪያ በቂ ምክንያት ሊኖረው አይገባም እንጂ። ስቴቱ ከተለየ ግን በመካከል ባለፈቃድ ሻጭ ግድ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ይህ ቀልድ አይደለም። አንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)፣ አንዱ አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) የሚኖሩ ሁለት ፖሊስ ጓደኛሞች በግማሽ ሰዓት መንገድ ሁለት ስቴት ውስጥ ናቸው። ፓርኪንግ ላይ ተገናኝቶ ሽጉጥ መለዋወጥ ለነሱ የፌዴራል ወንጀል ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ እዚያው ስቴት ላሉ ሁለት ሰዎችም ቢሆን የሽጉጥ የግል ሽያጭ በባለፈቃድ ሻጭ ወይም በስቴቱ ፖሊስ በኩል ያልፋል። ተራው ሰው አስቀድሞ ኤችኪውኤል የሚባለውን የሽጉጥ መግዣ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ በሥራ ላይ ያለ ፖሊስ ከዚህ ፈቃድ ነፃ ነው። ከፈቃዱ ነፃ መሆን ግን ሽጉጡን ለመግዛት ከሚሞላው ማመልከቻ ነፃ መሆን አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይምታታበታል። ካሊፎርኒያም የግል ሽያጭን በሱቅ በኩል ካደረገች ቆይታለች።

ዲሲ ራሷ ደግሞ ጉደኛ ናት። ለዓመታት ለነዋሪዎች ሽጉጥ የሚያስተላልፍ አንድ ባለፈቃድ ሰው ብቻ ነበር፤ ቢሮውም የፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ ውስጥ። በ2020 እሱ ሥራውን ሲያቆም ፖሊስ መምሪያው ራሱ ፈቃድ አውጥቶ ማስተላለፉን ያዘው።

«በሁሉም ስቴት መታጠቅ ይችላል፣ ስለዚህ በሁሉም ስቴት መግዛት ይችላል»

በ2004 የወጣው ሊዮሳ የሚባለው ሕግ መስፈርቱን የሚያሟላ ፖሊስ፣ ጡረተኛም ቢሆን፣ ሽጉጡን ደብቆ ይዞ በሁሉም ስቴት እንዲንቀሳቀስ ይፈቅዳል። ስለመግዛት ግን አንድም የሚለው ነገር የለም። የሜሪላንድ ፖሊስ ቴክሳስ ለእረፍት ሄዶ ታጥቆ መዞር ይችላል። እዚያ ሱቅ ገብቶ ለግሉ ሽጉጥ ገዝቶ ወደ ሆቴሉ ሊመለስ ግን አይችልም። ሱቁ ሽጉጡን ሜሪላንድ ወዳለ ባለፈቃድ ሻጭ መላክ አለበት።

«ካሊፎርኒያ ላይ ፖሊስ የፈለገውን ገዝቶ አትርፎ ይሸጣል»

ግማሹ እውነት ነው፣ ችግር የሚፈጥረውም ያ ግማሹ ነው። ካሊፎርኒያ የደኅንነት ፈተና ያለፉ ሽጉጦች ዝርዝር አላት። ከ2001 ጀምሮ ሱቅ ከዝርዝሩ ውጭ ያለ አዲስ ሽጉጥ ለተራ ሰው አይሸጥም። አዲሶቹ የግሎክ ትውልዶች ለዓመታት ዝርዝሩ ውስጥ አልነበሩም። ፖሊስ ግን ከዚህ ክልከላ ነፃ ነው፣ ገብቶ ይገዛል። ያገለገለውን ደግሞ በሱቅ በኩል ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይችላል። ሰዉ በሌላ መንገድ የማያገኘው ሽጉጥ ስለሆነ ዋጋው ከሱቁ ዋጋ እጅግ ይበልጣል። ፈተናው ይታያችሁ።

በ2017 የሎስ አንጀለስ ኤቲኤፍ ለአካባቢው ፖሊስ አዛዦች ማስጠንቀቂያ ጻፈ፤ አንዳንድ ፖሊሶች ያለ ፈቃድ እየነገዱ ነው ብሎ። በቀጣዩ ዓመት አንድ የፓሳዲና ፖሊስ ሌተናንት ከ100 በላይ መሣሪያ ሸጧል ተብሎ ተከሶ ጥፋቱን አመነ። ልብ በሉ፣ የተከሰሰው ሽጉጦቹን መግዛት ስለማይችል አይደለም። ያለ ነጋዴ ፈቃድ ስለነገደ ነው።

ብዙ ሰው «ስንት ከሸጥኩ ነው ነጋዴ የምባለው?» ይላል። ቁጥር የለውም። የ2022ቱ ሕግ የሚያየው ዋናው ዓላማ ትርፍ መሆኑን ነው። የራሱን ስብስብ ቀንሶ የሚሸጥ ሰው ነጋዴ አይደለም። ካርቶኑ ሳይከፈት በሳምንቱ በሁለት እጥፍ የሚሸጥ ሰው «ስብስቤ ነው» ቢል ዳኛ ይስቅበታል። ካሊፎርኒያም በ2020 ሕጉን አሻሽላ የአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች በዚህ ነፃነት የገዙትን ለተራ ሰው እንዳይሸጡ አድርጋለች።

«ፖሊስ ቢፈረድበትም ሽጉጡን አይነጠቅም»

ይነጠቃል። ከ1996 ጀምሮ በቤት ውስጥ ጥቃት፣ ቀላል በሚባለው ደረጃም ቢሆን፣ የተፈረደበት ሰው መሣሪያ መያዝ አይችልም። እዚህ ላይ ለፖሊስ የተተወ ቀዳዳ የለም። የግሉንም የመሥሪያ ቤቱንም ያጣል፤ ያለ ሽጉጥ ደግሞ በአብዛኛው ቦታ ሥራውም አብሮ ይሄዳል።

ገና ያልተፈረደበት፣ ነገር ግን ሚስቱ ወይም የቀድሞ ሚስቱ ከፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዝ ያወጣችበት ፖሊስ ጉዳይ ይለያል። መስፈርቱን የሚያሟላ ትእዛዝ ከሆነ በፌዴራል ሕግ ለሥራ የተሰጠውን ሽጉጥ መያዝ ሊቀጥል ይችላል። የግሉን ግን አይችልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን የጥበቃ ትእዛዝ ክልከላ በሰኔ 2024 በ8 ለ 1 ድምፅ አጽንቶታል። አንድ ሰው፣ ሁለት ሽጉጥ፣ ሁለት ሕግ።

«ጡረታ ሲወጣ የሥራ ሽጉጡ የሱ ይሆናል»

በራሱ አይሆንም። ንብረቱ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ካልሸጠለት ወይም ካልሰጠው መልሶ ያስረክባል። ቨርጂኒያ ለዚህ ያወጣችው ሕግ ደስ ይላል። ለረጅም ጊዜ አገልግሎ ጡረታ ለሚወጣ ፖሊስ መሥሪያ ቤቱ የሥራ ሽጉጡን በ1 ዶላር ሊሸጥለት ይችላል። ይችላል እንጂ ግዴታ የለበትም፣ አንዳንዱ አዛዥ ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ አሮጌዎቹን ሰብስቦ ለአከፋፋይ ይሰጥና በምትኩ አዲስ ይቀበላል።