ስለ ሠዓሊ ሥራ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በደብረ ብርሃን ከተማ የምሠራባት ክፍል በሯ ወደ መንገድ ስለሚከፈት አላፊ አግዳሚው ጎራ እያለ ሥራዬን ይመለከታል። ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናቶች፣ አልፎ አልፎም ልጁ ሥዕል መውደዱ ያሳሰበው አባት ይመጣል። የሚሰጡኝ አስተያየት ቅንነት የተሞላበት ነው፤ ሆኖም ለዓመታት ደጋግሜ የሰማኋቸው ጥቂት አባባሎች ስለ ሙያው የተዛባ ግንዛቤ መኖሩን ያሳያሉ። አብዛኞቹ የሚነሡት ሥዕል ሠዓሊው ሳይደክምበት፣ ከተሰጥኦ፣ ከባሕር ማዶ ወይም ከድንገተኛ ስሜት ተዘጋጅቶ ይመጣል ከሚል እምነት ነው። የማውቀውን ያህል አንድ በአንድ ላርማቸው።

«ሥዕል ተሰጥኦ ነው፤ በትምህርት አይገኝም»

ዝንባሌ መኖሩን አልክድም፤ ነገር ግን ዝንባሌ ብቻውን እጅን አያሠለጥንም። የዚሁ የሰሜን ሸዋ ተወላጅ የሆኑት ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1932 በአንኮበር ተወልደው በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲያጠኑ ነበር። ዝንባሌያቸው ታውቆ ወደ ሥነ ጥበብ ከተዛወሩ በኋላ በለንደን በሁለት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች፣ በመጨረሻም በስሌድ፣ ለዓመታት ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ የመጀመሪያ ዐውደ ርዕያቸውን ካሳዩ በኋላ እንኳ «በቃኝ» ሳይሉ ወደ አውሮፓ ተመልሰው የባለቀለም መስተዋት ሥራን አጠኑ። ዛሬ በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የምናየው 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው መስኮት ያለዚያ ጥናት ሊሠራ አይችልም ነበር።

እኔም በጀማሪነቴ ለሳምንታት እንድስል የተሰጠኝ አንድ እንስራ ብቻ ነበር። የእንስራው አፍ ክብ መሆኑን ስለማውቅ ክብ አድርጌ እስለዋለሁ፤ ከተቀመጥሁበት ሆኜ ዓይኔ የሚያየው ግን ጠበብ ያለ ሞላላ ነው። መምህሬ በከሰል የሠራሁትን እያጠፉ «የምታውቀውን ተውና የምታየውን ሳል» ይሉኝ ነበር። የሥዕል ትምህርት አብዛኛው ክፍል ይኸው ነው፤ ከእጅ ይልቅ የሚታረመው ዓይን ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ቀኔን የምጀምረው ቀለም ሳልነካ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል በእርሳስ ንድፍ በመሥራት ነው፤ ጥቂት ቀናት ካቋረጥሁ መስመሬ መላላቱ ወዲያው ይታወቀኛል።

«ውጭ አገር የተማረ ሠዓሊ የራሱን ይረሳል»

ይህም ቢሆን የሚወሰነው በተማሪው ነው። አፈወርቅ በአውሮፓ በነበሩበት ጊዜ በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ሥዕሎች በጥንቃቄ መርምረዋል። የራሳቸውን ጥንታዊ ሥዕል በባዕድ አገር ተቀምጠው አጥንተው ተመለሱ ማለት ነው።

«የጥንቶቹ ሠዓሊዎቻችን ርቀትንና ጥልቀትን ማሳየት ስላልቻሉ ሥዕላቸው ጠፍጣፋ ሆነ»

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ አባባል ነው፤ ምክንያቱም ምርጫን እንደ ድክመት ይቆጥራል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃንና ቅዱሳን ፊታቸው ሙሉ፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው የሚታዩ ሆነው ይሳላሉ፤ ክፉዎች ደግሞ በጎን፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓይን ይሳላሉ። ማንበብ የማይችል ምእመን እንኳ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ከሩቅ ይለያል። ዓይኖቹ ተልቀው የተሳሉት፣ ልብሱ በቀለም ከመድመቅ አልፎ በመስመር የታጠፈው፣ ጀርባው ተራራና ሰማይ ሳይሆን ንጹሕ ቀለም የሆነው ሁሉ ተመልካቹ ከቅዱሱ ፊት እንዳይርቅ ነው። የሥዕሉ ዓላማ መስኮት ከፍቶ ሜዳ ማሳየት አልነበረም።

ሠዓሊዎቹ ሁሉ ስማቸው አይታወቅም የሚባለውም በከፊል ብቻ ነው እውነት የሚሆነው። ደብረ ብርሃንን የመሠረቱት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በነገሡበት ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ባለው ጊዜ፣ ፍሬ ጽዮን የተባለ ሠዓሊ ይኖር ነበር። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም በሚገኘው በእንጨት ላይ በተሳለው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙ ከንጉሡ ስም ጋር ተጽፎ ይገኛል። የእርሱን ሥዕሎች ከመጽሐፍ እየተመለከትሁ ብዙ ጊዜ ቀድቻለሁ። ስቀዳ የተረዳሁት የመስመሩ ቁጥብነት ከሁሉ እንደሚከብድ ነው፤ አንድ አፍንጫና አንድ ቅንድብ በአንድ ያልተቋረጠ መስመር ተያይዘው ሲወርዱ እጅ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ የለም፤ በስሕተት ላይ ጥላ ጨምሮ መሸፈንም አይቻልም። በቀለም እየደራረበ የሚሠራ እንደ እኔ ያለ ሠዓሊ ይህን ሲሞክር ነው ድካሙን የሚያውቀው።

«የዘይት ቀለም የፈረንጅ ነገር ነው፤ ነገ ደርቆ ልውሰደው»

ሁለቱም ትክክል አይደሉም። የዘይት ቀለም የሚለወሰው በአብዛኛው በተልባ ዘይት ነው፤ ያውም በጾም ቀን ቆልተን ወቅጠን የምንበላው፣ በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ሰማያዊ አበባው ማሳውን የሚያስውበው ያው ተልባ ማለት ነው። በአውሮፓ የተልባው አገዳ ቃጫ ተፈትሎ ለሥዕል ሸራ፣ ፍሬው ደግሞ ተጨምቆ ለቀለም ዘይት ሆነ። ልዩነቱ ለቀለም የሚውለው ዘይት ሳይቆላ የተጨመቀና የተጣራ መሆኑ ነው።

ዘይቱም እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም። ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ወደ ጠንካራ ሽፋን ይለወጣል። ስስ ሆኖ የተቀባው በጥቂት ቀናት ለእጅ ይደርቃል፤ ወፍራሙ ግን ውስጡ እስኪጸና ወራት ይፈልጋል፤ ብርዱ ደግሞ ያዘገየዋል። ስለዚህ የላይኛው ቀለም ከታችኛው የበለጠ ዘይት እንዲኖረው አደርጋለሁ፤ ካልሆነ የላይኛው ቀድሞ ይደርቅና የታችኛው ሲንቀሳቀስ ይሰነጣጠቃል። ደንበኛ ሲያጣድፈኝ እምቢ የምለው ለሥዕሉ ዕድሜ በመሳሳት ነው።

«ጥላ ጥቁር ነው»

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አየሩ ሳሳ ያለና ንጹሕ በመሆኑ ፀሐይ ያላረፈበትን ቦታ የሚያበራው በዋናነት የሰማዩ ብርሃን ነው፤ ሰማዩም ሰማያዊ ስለሆነ ጥላው ወደ ሰማያዊ ያደላል። በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ውርጭ በያዘው ሣር ላይ የወደቀውን የአጥር ጥላ ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። ከቱቦ የወጣ ጥቁር ቀለም ብቻውን እዚያ ቢቀባ ሥዕሉ ላይ ጉድጓድ የተቆፈረ ይመስላል። የመንዝ በግ ጥቁር ጸጉር እንኳ በፀሐይ ሲመታ ጫፉ ቡናማ ይሆናል። አሮጌ ባና ዘርግቶ በቅርብ መመልከት ስለ ጥቁር ቀለም ከብዙ ማብራሪያ የበለጠ አስተምሮኛል።

«የሥዕል ሐሳብ በድንገት ይመጣል፤ ሠዓሊ ስሜቱ እስኪነሣሣ ይጠብቃል»

በአሁኑ ጊዜ እየሠራሁ ያለሁት የኩበት ክምር ነው። ይህን ስናገር ብዙዎች ይገረማሉ። ከክፍሌ ብዙም ሳይርቅ የሚኖሩ እትዬ የምላቸው ጎረቤቴ በበጋው ወራት ኩበቱን በመዳፋቸው ጠፍጥፈው ያደርቁና እንደ ጎጆ ክብ አድርገው ይከምሩታል፤ ከዚያም ዝናብ እንዳያስገባ ውጩን በእበት ይለስኑታል። በእያንዳንዱ ኩበት ላይ የጣቶቻቸው ፈለግ ይታያል። ለወራት በዚያ አልፌ አይቼው እንዳላየሁ ነበርሁ። አንድ ማለዳ ውርጩ በክምሩ አንድ ጎን ላይ ብቻ ነጭ ሆኖ፣ ፀሐይ የነካው ጎን ደግሞ እንፋሎት እያወጣ አየሁትና ቆምሁ። ይህን ቅጽበት ለሰዎች ብነግራቸው «ይኸው፣ በድንገት መጣ» ይላሉ። እውነቱ ግን ውርጭን ከዚያ በፊት ለሁለት በጋ በንድፍ ደብተሬ ስመዘግብ መቆየቴ ነው፤ ዓይኔ የተዘጋጀበትን ነገር ነው ያገኘው።

ከዚያ በኋላ የሆነውም ከመነሣሣት ይልቅ ሥራ ነው። በየማለዳው ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ውርጩ እስኪቀልጥ ድረስ ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ እዚያው ቆሜ በውሃ ቀለም ትንንሽ ጥናቶች እሠራለሁ፤ በዳሩ ላይ ሰዓቱን፣ የሰማዩን ሁኔታና ያቀላቀልኋቸውን ቀለሞች እጽፋለሁ። እጅ ሲደነዝዝ በእሳት አሙቄ እመለሳለሁ። እትዬ በመጀመሪያው ሳምንት «ኩበትም ይሳላል እንዴ ልጄ?» ብለውኝ ነበር፤ የጣታቸውን ፈለግ በሥዕሉ ላይ ሳሳያቸው ግን ዝም ብለው ቆዩና «ይኼ የግራ እጄ ነው» አሉኝ። እውነትም ነበር፤ እኔ ግን የቀኝ መስሎኝ አውራ ጣቱን በተሳሳተ ወገን ስዬው ስለነበር በነጋታው አረምሁት። ከመምህሬ እርማት በኋላ እንዲህ የጠቀመኝ እርማት አላስታውስም።

«ፎቶግራፍ እያለ ለምን ብርድ ላይ ትቆማለህ?»

ፎቶግራፍ መጠቀም ነውር አይደለም፤ እኔም ቅርጽ እንዳይጠፋኝ እወስዳለሁ። ነገር ግን ካሜራ ደማቁንና ጨለማውን እኩል መያዝ ስለሚሳነው ወይ ውርጩን አንጥቶ ያጠፋዋል ወይ ጥላውን ያጠቁረዋል። እኔ የምፈልገው ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለውን ነው።

«ይህ ሥዕል ስንት ቀን ፈጀ?»

ዋጋ ከመጠየቅ በፊት የሚቀርብ ጥያቄ ነው፤ የቀን ሠራተኛ ሒሳብ ለሥዕልም የሚሠራ ይመስላቸዋል። የኩበቱን ሥዕል በሸራ ላይ የቀባሁት አሥራ አንድ ቀን ነው። ከዚያ በፊት አርባ ያህል የውሃ ቀለም ጥናቶችና ሁለት የተበላሹ ሸራዎች አሉ፤ በመጀመሪያው ሸራ ክምሩን መሀል ላይ አስቀምጬው ሐውልት አስመሰልሁት፣ በሁለተኛው ውርጩን ነጭ ብቻ አድርጌ በረዶ አስመሰልሁት። ሁለቱንም አልጣልኋቸውም፤ ጠያቂው ሲመጣ ከሦስተኛው አጠገብ ግድግዳው ላይ አቆማቸዋለሁ።